ፍም የረገጠ እግር

መሪጌታ ጥዑመ ልሳን ሲያሸበሽቡ ያየ ሰው ዕድሜያቸውን ይረሳ ነበር። ከጣና ዳር አድባራት በአንዱ መቋሚያቸውን ይዘው በባዶ እግራቸው ቆመው የሸበቱ የአቋቋም መምህር ናቸው። ስኳር እንዳለባቸው ከተነገራቸው ቆይቷል፤ ኪኒኑን ግን ሲያስታውሱ ይውጡታል፣ ጾም ሲገባ ይተዉታል። እያደር እግራቸው ደነዘዘ። ማሕሌት በቆሙ ቁጥር ያሠቃያቸው የነበረው ቁርጥማት ሲጠፋ፣ «ተመስገን፣ ማረኝ» አሉ።

በየካቲቱ ኪዳነ ምሕረት ታቦቱ ወጥቶ ወረቡ ሲደምቅ፣ ካህኑ ዕጣን ከሚያጥኑበት ጽና ፍም ዘሎ ምንጣፉ ላይ ወደቀ። መሪጌታ ረገጡት። ዜማው አልተናጋ፣ ፊታቸው አልተቋጠረ። እግራቸውን ሲያነሡ ያዩት ሴቶች እልልታውን አቀለጡት። «እሳቱ አልነካቸውም! ጸጋ ነው!»

ወሬው ፋሲሎ ሰፈር ካለው ቤታቸው ቀድሟቸው ገባ። ሚስታቸው የሺአረግ ከበር ተቀበለቻቸው።

«አንቱ፣ እሳት የማይበላዎት ከሆነማ ያንን ድስት በእጅዎ ያውርዱልኛ!»

ተሳሳቁ። ኋላ ብቻቸውን ሆነው ሲያዩት ግን ተረከዛቸው ውኃ ቋጥሯል። አላመማቸውም። ቢያሳዩት ያን ሁሉ እልል ያለ ሕዝብ ማሳፈር፣ የተሰጣቸውንም መካድ መሰላቸው። ደግሞም፣ እውነቱን ለመናገር፣ ጸጋው ደስ ብሏቸው ነበር። ካልሲ አጠለቁበትና ተከትሎ የገባውን ዐቢይ ጾም ሙሉ በዚያው እግር ቆሙ።

ሰው ሕመም ማጣትን ጤና ይለዋል። ድምፅ የማይሰማበት ቤት ሰላም የሰፈነበት ይሁን ሰው ያለቀበት፣ ከደጅ ቆሞ ማን ይለያል?

ያጋለጣቸው ሽታው ነው። የሺአረግ ካልሲውን ስትገፍፈው ከነቆዳው መጣ። የጮኸችው እሷ ናት።

ጤና ጣቢያ ቁስል የምታጥበው ነርስ መቅደላዊት እግሩን አገላብጣ አየችና ራሷን ነቀነቀች።

«መሪጌታ፣ እዚህ እስኪደርስ ዝም አሉ?»

«ምንም አልሰማሁማ፣ ልጄ! ቢያመኝ አልመጣም ነበር?»

«እሱ እኮ ነው ጉዱ። ደኅና ሥጋ ሲቃጠል ኡኡ ይላል። የተጎዳው ሕዋስ ሲጣራ ደም ይደርስለታል፤ ቦታው ይቀላል፣ ይግላል፣ ያብጣል፣ ያማል። እኛ በሽታ እንለዋለን እንጂ ርዳታው ነው። ነጫጭ የደም ሕዋሶች የሞተውን ሲጠርጉ ከሥር አዲስ ሥጋ ይሞላል። የእርስዎን ግን ስኳሩ ነርቩን አደንዝዞ፣ የደም ሥሩን አጥብቦታል። ጩኸቱን አልሰሙት፤ ርዳታውም በወጉ አልደረሰ።»

መሪጌታ ቁስሉን ትክ ብለው አዩት።

«እንግዲያ ጸጋ አልነበረም?»

መቅደላዊት አጎንብሳ ማጠቧን ቀጠለች።

መመረዙ አጥንት ደርሶ ነበር። ሆስፒታል ሲገቡ ሐኪሙን የለመኑት አንድ ነገር ነው፦ «ቆሜ የማገለግልበትን ያህል ተዉልኝ።» አልሆነም። ደም በደኅና የሚደርሰው ከጉልበት ትንሽ ዝቅ እስካለው ቦታ ብቻ ነበርና እግራቸው እዚያ ላይ ተቆረጠ።

ጉቶው ቀላ፣ አበጠ፣ ከዚያም አመመ። መሪጌታ ጮኹ። ፋሻውን ልትቀይር ቤት ድረስ የመጣችው መቅደላዊት ዓይኗ እንባ አቅርሮ፣ «ይመምዎ፣ አባቴ፤ እየዳነ ነው» አለቻቸው። ዳነም። ጠባሳው እንደ ተሰፋ ቁርበት ጠንክሮ ገጠመ።

በነሐሴው ኪዳነ ምሕረት፣ ዝናቡ ጋብ ሲል የከበሮው ድምፅ እስከ ግቢያቸው መጣ። መሪጌታ በረንዳው ላይ ተቀምጠው በጣታቸው መደገፊያውን ሲመቱ ቆዩና በድንገት ተሸማቀቁ።

«የሺአረግ፣ አቃጠለኝ!»

«የቱ ጋ?»

«ተረከዜን። ፍሙ… ገና አሁን ተሰማኝ።»

እንደ ያኔው ልትቀልድባቸው ነበር፤ አልቻለችም። መሬት ላይ ተንበረከከች። ተረከዝ ይኖርበት ከነበረው ባዶ ቦታ ሥር መዳፎቿን ዘረጋችና፣ ቀስ ብላ እፍ አለችበት።