እህት የሌላት እርግብ

ባሏ ከሞተ ወዲህ ኢኒድ ሱግደን የምትኖረው ለእርግቦቿ ነበር። በእንግሊዝ አገር፣ በእኛ የዮርክሸር የከሰል ማዕድን መንደር፣ ቅዳሜ ቅዳሜ የእርግብ ውድድር አለ፤ እርግቦቹ ከሩቅ ይለቀቁና ቀድማ ቤቷ የገባችው ታሸንፋለች፤ ሁልጊዜ የምታሸንፈው ደግሞ የጎረቤቷ የሮኒ ታስከር ግራጫ እርግብ ናት። ያቺ ግራጫ ከአጥሩ ማዶ ስታርፍ ባየች ቁጥር ኢኒድን ሻዩ አፏ ውስጥ ይመርራት ነበር።

ሎማስ የሚባል የእርግብ ነጋዴ ቅናቷን ያውቃል። አንድ ቀን ክንፈ ነጭ እርግብ ይዞ መጣና፣ "ይቺ የሮኒ እርግብ እህት ናት፤ ከአንድ ጎጆ የተፈለፈሉ" አላት። ኢኒድ ዋጋ እንኳ አልተከራከረችም።

ሮኒ በእርግብ አርቢዎቹ ክበብ ውስጥ፣ ኢኒድ ባለችበት፣ ወሬውን ሲሰማ ሳቁን መቆጣጠር አቃተው።

"የምን እህት? እርግብ የምትጥለው ሁለት እንቁላል ነው፤ የኔዋ ስትፈለፈል ሁለተኛው ተሰብሮ በእጄ ነው የጣልኩት። ተሸውደሻል፣ ኢኒድ!"

ከውሸቱ ይልቅ ሳቁ አቃጠላት። በማግስቱ ጠበቃዋ ሚስ ፓርጂተር ዘንድ ሄደች።

"ሎማስ በሐሰት ቃል ስላዋዋለዎት ውሉን ማፍረስ ይችላሉ" አለቻት ጠበቃዋ። "እርግቧን ይመልሳሉ፣ እሱም ገንዘብዎን ይመልሳል። ውሸቱን እያወቁ ከተወዳደሩባት ግን ውሉን እንደተቀበሉት ይቆጠራል።"

"ለቅዳሜ ብቻ ላብርራት።"

"ነገርኩዎት እኮ፣ ወይዘሮ ሱግደን!"

አልሰማቻትም። ሮኒን አንዴ፣ አንዴ ብቻ ማሸነፍ ፈለገች። ቅዳሜ የሮኒ ግራጫ ከቀትር በፊት ገባች፤ የኢኒድ እርግብ በማግስቱ፣ በዝናብ በስብሳ።

ውሉን የማፍረስ መብቷ በዚሁ አመለጣት። የቀራት ካሳ መጠየቅ ብቻ ነው፤ እርግቧ በእርግጥ ከምታወጣው በላይ የከፈለችውን ለማስመለስ። ለዚያ ደግሞ ምስክር ያስፈልጋል፤ የእንቁላሉን ነገር የሚያውቀው ሮኒ ብቻ ነው።

በሩን ስታንኳኳ ፊቷ ቲማቲም መስሎ ነበር።

"ትመሰክርልኛለህ?"

"ምነው አንቺ ደግሞ፣ ይሄም ይጠየቃል?" አላት። "የክት ኮቴን አስተኩሳለሁ።"

ፍርድ ቤት ሮኒ የእንቁላሉን ነገር መሰከረ። ሎማስ "እኔም እውነት መስሎኝ ነው" አለ፤ ለምን እንደመሰለው ግን ማስረዳት አልቻለም። ዳኛው ካሳውን ለኢኒድ ፈረዱላት። ከዚያ ሮኒን ስለ እርግቦቹ አያያዝ ይጠይቁት ጀመር፤ አብረው ሳቁ።

እኔም ጎረቤቷ ችሎቱን ለማየት አብሬያት ሄጄ ነበር፤ ስንመለስ አውቶቡስ ውስጥ አጠገቧ ተቀምጬ "እንኳን ደስ አለሽ" አልኳት።

"አየሽልኝ?" አለች፣ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ። "ዳኛውም እሱን ወደዱት።"