አስታማሚ ውጭ

ወላሂ፣ እኔ ዝም ብዬ የማሳልፍ ሰው አይደለሁም። ዝምታ የረውዳ ነው።

ረውዳ የወንድሜ የሙሄዲን ሚስት ናት፤ ኮምቦልቻ ገበያ ውስጥ በርበሬና አብሽ ትሸጣለች። ልጅ ሳትወልድ አርባን አለፈች። በየሰርጉ በየለቅሶው "ምነው እስካሁን?" ሲሏት "አላህ ያውቃል" ብላ ፈገግ ትላለች እንጂ አንድም ቀን ክፉ መልሳ አታውቅም። በእሷ ቦታ እኔ ቢልቂስ ብሆን ኖሮ ልክ ልካቸውን እነግራቸው ነበር።

በአርባ ሦስት ዓመቷ አረገዘች። ዓይን ፈርታ ሆዷን በሰፊ ጅልባብ ሸፈነች፤ ከእኔና ከወንድሜ በቀር ማንም አላወቀም። ይሁን አልኩ፤ የሰው ዓይን እኔም እፈራለሁ። ለክትትል ጤና ጣቢያ ብቻዋን ሄደች። ስትመለስ ደህና ነው ተባልኩ አለችኝ፤ በየወሩም እንዲሁ ትለኛለች።

ለካ ውሸቷን ነው። ፊቷ አብጦ ቀለበቷ ከጣቷ አልወጣ ሲል፣ ራሷን ይዛ ዓይኔ ጭልም ይልብኛል ስትል ነው አፋጥጬ ያወጣጣኋት። በመጀመሪያው ቀን ወደ ነፍሰ ጡሮቹ ክፍል ስትገባ አዋላጇ በቅጡ እንኳ ሳታያት "እናቴ፣ አስታማሚ ውጭ ነው የሚጠብቀው። ልጅዎን ያስገቧት" ትላታለች። እንዲህ ያለ አክብሮት ገደል ይግባ። ሰው የሚያከብር መጀመሪያ ቀና ብሎ ያያል። ረውዳ ነፍሰ ጡሯ እኔ ነኝ ማለት አፍራ ወጣች፤ አግዳሚው ላይ ትንሽ ተቀምጣ ወደ ቤቷ መጣች። ከዚያ ወዲህ ደጃፉን አልረገጠችም።

ተንጨረጨርኩ። በአዋላጇም፣ በእሷም፣ አንድ ቀን እንኳ አብሯት ባልሄደው ወንድሜም። ሚኒባስ ውስጥ አስገብቼ የሐረጎን ዳገት ወደ ደሴ ስንወጣ መንገዱን ሙሉ ተቆጣኋት፤ እጇን ግን አልለቀቅኩም። ሆስፒታል የተቀበለችን አዋላጅ አትጠገብ ትባላለች። ነፍሰ ጡሯ ማን ናት ብላ አልጠየቀችም። የግፊት መለኪያውን የረውዳ ክንድ ላይ ጠምጥማ ቁጥሩን ስታይ ፊቷ ተለወጠ። የደም ግፊቱ እናትንም ልጅንም ሊያጠፋ የደረሰ ነበር። ሳይውል ሳያድር በኦፕራሲዮን አዋለዷት። ሴት ልጅ፣ ጭብጥ የምታክል። ሙቀት ክፍል አስገቧት።

ጡቷ ወተት ሲይዝ ረውዳ ልታጠባ ግድግዳ እየደገፈች ሄደች፤ እኔ ከኋላዋ ነኝ። በሩ ላይ የቆመችው ነርስ እጇን ዘርግታ ከለከለቻት። "አያት አይገባም። እናትየዋ ትምጣ።"

ደሜ ፈላ። አፌን ስከፍት ረውዳ ቀደመችኝ። ጅልባቧን ወደ ትከሻዋ ሰበሰበችው፤ ቀሚሷ ደረቷ ላይ በወተት ርሷል።

"እናቷ እኔ ነኝ። አርባ ሦስት ዓመቴ ነው። ዘወር በይልኝ።"

ነርሷ ዘወር አለች፤ ረውዳ ገባች። እኔ ውጭ ቀረሁ። አስታማሚ ነኛ።