በጨው ውሃ ያጠብኩት ሙዚቃ

ከቤት በወጣሁበት ምሽት ጎረቤቱ ሁሉ ሊሸኘኝ መጥቶ ነበር። አንዷ እንደ ማንሾካሾክ ብላ «አራት ዓመት ፉጨት ተምራ፣ ይኸው ለዐረብ አገር!» ስትል ጆሮዬ ጥልቅ አለ። ሻንጣዬን ይዤ ወጣሁ።

የተማርኩት ፉጨት ሳይሆን ባሶን ነው። ለማታውቁት፣ ባሶን ቁመቱ እስከ ደረት የሚደርስ፣ ድምፁ የጎረነነ የእንጨት መሣሪያ ነው። የሚነፋው በክር ተጠፍሮ ጫፉ ላይ በሚሰካ ሸምበቆ ነው። ሙዚቃ ትምህርት ቤታችን አንድ ብቻ ነበረው። ፒያኖና ጊታሩ ተሻምቶ ሲያልቅ ዘግይቼ ለተመዘገብኩት ለእኔ እሱ ደረሰኝ፤ ወደድኩት። ስመረቅ ግን የሰርግ ባንዱ ሁሉ «ኪቦርድ አትችዪም?» ይለኝ ጀመር። ባሶኑ የትምህርት ቤቱ ስለሆነ እዚያው ቀረ፤ እኔ ሸምበቆዎቼንና ባዶ የኖታ ወረቀት ይዤ ኩዌት ገባሁ።

ኩዌት ሲቲ፣ ሠራተኛ በሚያስቀጥረው ቢሮ፣ በመክተቡ፣ ኃላፊው ሙዲር በአስተርጓሚ ጠየቀኝ። አስተርጓሚዋ የወሎ ልጅ ናት።

«አገርሽ ምን ትሠሪ ነበር?»

«ባሶን እነፋለሁ።»

«ጎሽ፣ በሶ የምትነፋ ሴት ሥራ አታጣም» አለችና በዐረብኛ አስረዳችው።

«ኧረ እህቴ፣ በሶ አላልኩም! ባሶን! ሙዚቃ ነው!»

«ዝም በይ የኔ እህት። ሙዚቃ ካልሽው ማንም ቤቱ አያስገባሽም። በሶው ይሻልሻል።»

በአንዲት ፊደል ምክንያት ዲግሪዬ ወጥ ቤት ገባ። ሪቃይ የሚባል ሰፈር አንድ ትልቅ ቤት ደረሰኝ። የአሠሪዬ የማዳም ሳሎን ውስጥ ጥቁር ፒያኖ አለ፤ ከእኔ መወልወያ በቀር የነካው የለም። ማዳም ለእንግዶቿ «እኛ ቤት ሙዚቃ እንወዳለን» ትላለች፤ የቴምሩን ትሪ የምታስቀምጠውም እሱ ላይ ነው።

አስተማሪዬ ጋሽ ተፈራ «ለባሶን የተጻፈ የራሳችን ሥራ የለንም፤ ጽፈሽ ላኪልኝ፣ በሚቀጥለው የምረቃ ኮንሰርት አስጫውተዋለሁ» ብሎኝ ነበር። ቤቱ ሁሉ ከሰዓት ሲተኛ በአንቺ ሆዬ ቅኝት መጻፍ ጀመርኩ። የሐምሌ ዝናብ በቆርቆሮ ጣራ ላይ ሲወርድ የሚሰማውን ድምፅ ነበር የጻፍኩት፤ እዚህ ከሰማይ የሚወርደው አቧራ ብቻ ነው። ትንፋሼ እንዳይጠፋ ሸምበቆውን በሻይ ብርጭቆ ውሃ አርሼ እነፋዋለሁ። ያለ ባሶኑ ሲነፋ እንደታነቀ ዳክዬ ነው የሚጮኸው። ከአራት ወር በኋላ ጨረስኩ። ስልኬን ማዳም የምትሰጠኝ አርብ አርብ ብቻ ስለሆነ ፎቶ አንስቼ ለመላክ አርብን መጠበቅ ነበረብኝ።

ሐሙስ ማዳም ክፍሌ ገባች። መጀመሪያ ክር የተጠመጠመበትን ሸምበቆ ብርጭቆ ውስጥ፣ ቀጥሎ ወረቀቱን አየች።

«ሺኑ ሃዳ? ሲህር!» ብላ ጮኸች፤ ይሄ ምንድነው? መተት ነው! ማለቷ ነው።

«ማዳም፣ ሙዚካ! ሙዚካ!»

«ሙዚካ ከሆነ ታዲያ የታለ ድምፁ?»

እኔ ጅሏ ላስረዳት ብዬ ሸምበቆውን ነፋሁት። እንደ ልማዱ ጮኸ። ማዳም ጆሮዋን ይዛ የጂን ድምፅ ነው አለች። መተቱን እንዲያረክስ ጨው የተበጠበጠበት ባልዲ ውሃ አስመጣችኝ። ወረቀቱን በእጇ መንካት ስለፈራች ቀድጄ ውሃው ውስጥ የጨመርኩት፣ ሊጥ እስኪሆን ያሸሁትም እኔው ነኝ። እሷ በሩ ላይ ቆማ ቁርዓን ትቀራለች። ማሸቱን ትንሽ ስቀንስ «ያላ!» ትለኛለች።

አርብ ለጋሽ ተፈራ ደወልኩ። «እስከሚመጣው አርብ እንደገና ጻፊው» አለኝ። መግቢያውን አስታወስኩት፤ መሐሉንና መጨረሻውን ግን ከየትም ላመጣው አልቻልኩም። ከዚያ ለእናቴ ደውዬ እያለቀስኩ ሁሉንም ነገርኳት። ለእኔ የምታለቅስ መስሎኝ ስልኩን ወደ ጆሮዬ አስጠጋሁ።

«እማዬ? አለሽ?»

«አለሁ» አለችኝ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ልጄ፣ ለእኔ አትደብቂኝ። መተቱ ለማን ነበር?»