የቤት ቁጥር፦ አዲስ

«መኪናው የት ነው የሚያድረው?»

ይህን የጠየቀችኝ አዋሽ ከተማ የመድን ወኪል የሆነችው ሰናይት ናት፤ ከቅጹ ላይ እያነበበች። ቀላል ጥያቄ ነው። አጥር ባለው ግቢ፣ ዘበኛ ባለበት ወይስ መንገድ ዳር? ሌባውንና ጎርፉን ለመገመት ነው የሚጠየቀው፤ ብዙ ሰውም ሳያስብ ይመልሰዋል። እኔ ግን መልሱን እስከ ዛሬ አላገኘሁትም። ያን ቀን «ግቢ ውስጥ» አልኩ።

ጊዜው አሮጌው ባቡር ቆሞ አዲሱ ገና ያልጀመረበት ነው። መልካ ወረር፣ ከጥጥ እርሻው አጠገብ ባለ መሥሪያ ቤት፣ በመጻሕፍት ክፍል ሃያ ሰባት ዓመት ሠርቼ ጡረታዬ ደርሶ ነበር። የምኖረው በሠራተኞች መኖሪያ፣ በቤት ቁጥር 41 ነው። ሰኔ 30 ቁልፉን ማስረከብ አለብኝ። ሌላ ቤት የለኝም። ፊደል የቆጠርኩት በሃያ ሁለት ዓመቴ፣ በማታ ትምህርት ስለሆነ ከዚያ በኋላ ያለውን ዕድሜዬን የፈጀሁት ያመለጠኝን ክፍል ስከታተል ነው። ለሠራተኛው የቤት መሥሪያ ቦታ ዕጣ የወጣ ዕለት አዳማ ፈተና ላይ ነበርኩ። ፈተናውን አልፌያለሁ።

ስለዚህ አንድ አሮጌ ሚኒባስ ገዛሁ። አዋሽ ያለ አናጺ ወንበሮቹን ነቅሎ አልጋ፣ የቡታጋዝ ማስቀመጫ፣ ቁም ሣጥንና መጽሐፍ እንዳይወድቅ መቀርቀሪያ ያለው መደርደሪያ ሠራልኝ። ለጠየቀኝ ሁሉ «ጡረታ ስወጣ አገር አይበታለሁ» ነው የምለው። እህቴም፣ ጎረቤቶቼም፣ አናጺውም የሚያውቁት ይህንኑ ነው። ውሸት አልነበረም፤ ግማሽ እውነት ነበር። ዕድሜ ልኩን ደመወዝተኛ ሆኖ ጎጆ ሳይቀልስ የቀረ ሰው ምን እንደሚባል አውቃለሁ፤ ስለ ሌሎች ሲባል ሰምቼ ዝም ብያለሁና።

ሰናይት የመኪናውን የባለቤትነት ደብተር፣ ሊብሬውን ገለጠች። «የሕዝብ ማመላለሻ፣ አሥራ ሁለት ሰው» ይላል። ወጥታ በመስኮት አልጋውን አይታ ተመለሰች።

«እትዬ ዘነቡ፣ እኔ የማምነው ሊብሬው ያለውን ነው። አሥራ ሁለት ሰው ብዬ ብጽፍና አንድ ነገር ቢደርስ፣ ሰዎቹ የት ሄዱ ይሉኛል። እውነቱን ያልያዘ ውል ካሳ አያስገኝም። ሰመራ፣ ትራንስፖርት ቢሮ ሄደው ያስቀይሩትና ይምጡ።»

«አንቀይርም ቢሉስ?»

«አልጋውን አውጥተው ወንበሩን ይመልሱ ይሉዎታል።»

ሰኔ 14 ነበር። አሥራ ስድስት ቀን ቀርቶኛል።

ሰኞ፣ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት፣ አዋሽ

መንጃ ፈቃድ አለኝ፤ እሱንም ያወጣሁት ዘግይቼ ነው። ከጅቡቲ ተሳቢዎች ጋር መንገድ ለመጋራት ግን ስላልደፈርኩ ሁሴንን ለመንኩት። ከሁሴን ጋር ያደግነው አዋሽ ባቡር ጣቢያ ሠፈር ነው፤ አባቶቻችን ጣቢያው ውስጥ አብረው ሠርተዋል። እሱ ተሳቢ ይዞ ጅቡቲ ሲመላለስ ኖሮ፣ ጉልበቱን ሲያመው ቤቱ ተቀምጧል።

«ዘነቡ፣ ይህን ሁሉ መጽሐፍ ጭነሽ ነው የምንሄደው? ሚሌ ጉምሩክ ላይ ምን ጫንክ ሲሉኝ ምን ልበል?»

«መጽሐፍ በል።»

«ወላሂ አያምኑኝም! ሥሩ ሌላ ነገር አለ ብለው አንድ በአንድ ያስወርዱኛል። ቢያንስ ሲጋራ ቢሆን ተነጋግረን እናልፍ ነበር።»

አዋሽ አርባን አልፈን ወደ መልካ ወረር የሚያስገባውን መገንጠያ ስንደርስ ሁሴን ፍጥነቱን ቀነሰ። «ቤትሽን ቆልፈሻል አይደል?» አለኝ። ቆልፌያለሁ አልኩት። ቁልፉ በእጄ ነበር።

ገዋኔ ቁርስ በላን፤ ፉል በትኩስ ዳቦና ሻይ። ፉሉ ከአዋሹ ይወደዳል፤ ሴትዮዋ ሽንኩርቱ ከሩቅ ስለሚመጣ ነው አለችን። አያሉ ተራራ ጭጋግ የመሰለ አቧራ ለብሷል። ከዚያ ወዲያ መንገዱ ረጅምና ቀጥ ያለ ነው። ከጅቡቲ የሚመጡት ማዳበሪያና ኮንቴይነር ተጭነው እያቃሰቱ ይወጣሉ፣ የሚወርዱት ባዶአቸውን ይነጉዳሉ። አንዱ ባለፈ ቁጥር መኪናችን ትንገዳገዳለች። የአናጺው መቀርቀሪያ ግን ያዘ፤ አንድም መጽሐፍ አልወደቀም።

አምስት ሰዓት ተኩል፣ አዳይቱ

ሻይ ስንጠጣ ኡመር የሚባሉ የአፋር ሽማግሌ እስከ ሚሌ እንድንወስዳቸው ጠየቁን። ከኋላ ወንበር ስለሌለ አልጋው ላይ ተቀመጡ። ጥቂት ከሄድን በኋላ በበትራቸው መደርደሪያውን ነካ ነካ አደረጉ።

«ይኼ ምንድነው?»

«ቤት ነው» አለ ሁሴን።

«ግመሉ የታለ?»

«ከፊት ነው፤ ናፍጣ ይጠጣል።»

ሽማግሌው አልሳቁም። የእኛ ዳቦይታ በሁለት ግመል ይጫናል አሉ፤ ዳቦይታ ከሰሌን የሚሠራው የአፋር ቤት ነው። የምትሠራው ሴት፣ የምታፈርሰው ሴት፣ ባለቤቷም ሴት ናት። ስለዚህ ነገሩ አልገረማቸውም፤ የገረማቸው ሌላ ነው።

«ባል አለሽ?»

«የለኝም።»

«ከብት?»

«የለኝም።»

«ይኼን ሁሉ ወረቀት አንብበሽ፣ ከብት ግዢ የሚል አላገኘሽም?»

ሁሴን መሪውን እየመታ ሳቀ። ከዚያ ሽማግሌው በአገሩ ደንብ ዳጉ ጀመሩ። አፋር መንገድ ላይ ሲገናኝ ያየውን የሰማውን ሁሉ ይነጋገራል፤ ዳጉ የሚባለው ይህ ነው። መደበቅ ነውር ነው፤ መጨመርም እንዲሁ። እሳቸው የአዳይቱን ዝናብ፣ የታመመችውን ግመል፣ የተጣሉትን ሁለት ጎሣዎች ዕርቅ ተረኩ። ሁሴን የአዋሽን የናፍጣ ወረፋ ነገራቸው። ተራው የእኔ ሆነ።

«አንቺ ጓዝሽን ጭነሻል» አሉ። «ጓዙን የጫነ ሰው ቤቱን አፍርሷል። ለምን አፈረስሽ? ውኃ ጠፋ?»

«ጉዞ ነው። አገር ለማየት።»

ሽማግሌው አዩኝና ለሁሴን በአፋርኛ አንድ ነገር አሉት። ሚሌ ወርደው መርቀውን ከሄዱ በኋላ ምን እንዳሉ ጠየቅኩት።

«ዳጉዋ ጎዶሎ ነው አሉ» አለኝ። «አይዞሽ፣ ሽማግሌ ናቸው።»

ሚሌ ላይ የጉምሩኩ ሰው አንድ መጽሐፍ መዝዞ ገለጠና መልሶ ሰጠኝ። ሎጊያ ደርሰን ሁሴን ዘመዶቹ ዘንድ፣ እኔ በመኪናው አደርኩ። መስኮቱን ስከፍት አቧራ፣ ስዘጋ እሳት ነው። መስኮቱ ላይ ወንፊት ማሠራት እንዳለብኝ ማስታወሻ ያዝኩ።

ማክሰኞ፣ ሰመራ

በሙቀቱ ምክንያት ቢሮ በማለዳ ተከፍቶ ከቀትር በፊት ይዘጋል። አንድ ሰዓት ሳይሞላ ደረስን። የመኪናውን ለውጥ ዝርዝር በሦስት ቅጂ አዘጋጅቼ ነበር፤ የአልጋው ርዝመት፣ የጋዝ ሲሊንደሩ የታሰረበት ብረት፣ ሁለቱ እሳት ማጥፊያዎች የተሰቀሉበት ቦታ። የቢሮው የመኪና መርማሪ ሜትሩን ዘርግቶ እያንዳንዱን ለካ። በአልጋው ርዝመት አንድ ሳንቲ ሜትር ተለያየን። ደግሞ ለካ፤ የእኔ ትክክል ነበር።

«እትዬ፣ ይህን ማን ጻፈልዎ?»

«እኔ ነኝ።»

«የእኛ መመሪያ እንኳ እንዲህ አይዘረዝርም» አለና ወደ መዝጋቢው መራኝ። መዝጋቢው መነጽር ያደረገ የአፋር ወጣት ነው። ችግሩ እሱ ጋ ተጀመረ። ቅጹ ላይ «የአገልግሎት ዓይነት» የሚል መስመር አለ፤ የሕዝብ፣ የጭነት፣ የግል፣ ልዩ። መኖሪያ የሚል የለም።

«ሰው ይተኛበታል ነው የሚሉት?» አለ መዝጋቢው።

«አዎ።»

ወደ መርማሪው ዞረ። «ተኝቶ ለሚሄድ ሰው ሁለት ዓይነት ነው ያለን፤ አምቡላንስና የአስከሬን መኪና።»

«ለሁለቱም አልደረስኩም» አልኩ።

መርማሪው ሳቁን መያዝ አቃተው። ወንበሩን ይመልሱ ሊሉኝ ነው ብዬ ፈርቼ ነበር። ሁለቱ ኃላፊያቸው ዘንድ ገቡ። ዝርዝሬን ይዘው ስለገቡ መቆየታቸው አልከፋኝም፤ የሚነበብ ነገር አላቸው። ሲወጡ «ልዩ ተሽከርካሪ፣ የግል፣ ሦስት ሰው» ተባለ። ሰሌዳውም ከኮድ 3 ወደ ኮድ 2 ይዛወራል።

ሁሴን ሻይ ሊጠጣ ወጥቶ ነበር። መዝጋቢው አድራሻ መሙላት ጀመረ። ወረዳ ነገርኩት። ቀበሌ ነገርኩት።

«የቤት ቁጥር?»

41 ብል ያበቃ ነበር። ግን ሰነድ ላይ ሐሰት አስጽፌ አላውቅም። «41 ነው፤ እስከ ሰኔ 30» አልኩ።

«ከዚያ በኋላስ?»

ዓይኔ በመስኮቱ ወደ መኪናዋ ሄደ። መዝጋቢው ቀና ብሎ አየኝ፤ ከዚያ በመስኮቱ መኪናዋን አየ፤ መጋረጃዋን፣ ከጣሪያዋ ላይ የታሰረውን ጀሪካን። ሌላ ጥያቄ አልጠየቀም። ቁጥር ያልተሰጠው ቤት በየቀበሌው እንደሚጻፈው አድርጎ ጻፈ፦ የቤት ቁጥር፣ አዲስ።

ይህን ቃል በስንት ሰው መታወቂያ ላይ አይቼዋለሁ። ሃያ ዓመት የቆየ ቤት ሳይቀር ቁጥር ካላገኘ «አዲስ» ነው። ስህተት ነው ብዬ ስተች ኖሬያለሁ፤ «አዲስ» ቁጥር አይደለምና። ያን ቀን ግን ይታረም አላልኩም።

ረቡዕ፣ ተመልሰን አዋሽ

በመንገድ ላይ ሁሴን ሊብሬውን አገላብጦ አየው። «አዲስ? ያ የመልካ ወረሩ ቤትሽ ቁጥር የለውም እንዴ?»

«ስለ እሱ አይደለም የተጻፈው።»

«ታዲያ ስለ ምን ነው?»

«ተሳቢው መጣብህ፣ ፊትህን እይ» አልኩት። አዳይቱ ላይ ሽማግሌውን በዓይኔ ፈለግኩ፤ አልነበሩም።

ከሰዓት በኋላ ሰናይት ቢሮ ገባን። ሁሴን በሩ አጠገብ ተቀምጦ ውኃውን ይጠጣል። ሰናይት ሊብሬውን አንብባ ደስ አላት። የፊተኛውን ቅጽ አወጣች።

«የሚያድረው ግቢ ውስጥ ነው ያሉኝ፤ አጥር አለው ልበል?»

«አትጻፊው» አልኩ።

ብዕሯን ከወረቀቱ ላይ አነሳች።

«ግቢው የእኔ የሚሆነው እስከ ሰኔ ሠላሳ ነው። ቤቱን አስረክባለሁ። ከዚያ በኋላ መኪናው የት እንደሚያድር አላውቅም። የማውቀው እኔ ውስጡ እንደማድር ነው። ሌላ ቤት የለኝም።»

ተናግሬ ለመጨረስ ግማሽ ደቂቃ አልፈጀብኝም። ሁሴን ውኃውን መሬት ላይ አስቀመጠ።

«ሦስት ቀን!» አለ። «ሦስት ቀን አጠገቤ ተቀምጠሽ! እኔ አገር ልታይ ነው ብዬ ተራራ ሳሳይሽ! ሽማግሌው በአንድ ሰዓት የደረሱበትን እኔ ስልሳ ዓመት አውቄሽ?»

«አልጠየቅከኝም።»

«ቆልፈሻል ወይ ብዬ ጠይቄሻለሁ!»

ሰናይት ቅጹን ወደ ራሷ ሳበች። ከዚያ ቀስ ብላ ጻፈችና ወረቀቱን አዞረችልኝ፦ «መኪናው የሚያድረው ባለንብረቷ ባደሩበት ነው።»

«ዋናው መሥሪያ ቤት ይቀበለው አይቀበለው አላውቅም» አለች። «እውነት መሆኑን ግን አውቃለሁ።»

ከሳምንት በኋላ፣ የመድን ክፍያው ትንሽ ተጨምሮበት፣ ተቀበሉት። መኪናውን ቤት ለሚያደርግ አንባቢ ከዚህ ጉዞ የማተርፍለት ይኸው ነው፤ አስቀድመህ ሊብሬህን አስተካክል፣ የለወጥከውን በዝርዝር ጽፈህ ያዝ፣ ቅጹ ላይ ግማሽ እውነት አትተው። ሦስተኛውን የተማርኩት ከመድን ሰዎች ብቻ አይደለም።

ያን ዕለት ግን ሁሴን በቀጥታ ጣቢያ ሠፈር ወዳለው ቤቱ ነዳ። ወደ መልካ ወረር መልሰኝ ስለው አልሰማኝም። በሩን ከፍቶ መኪናዋን ግቢው ውስጥ፣ ከኒሟ ዛፍ ጥላ ሥር አቆማት። ወደ ጓዳ ገብቶ ከድሮው ተሳቢው የቀሩ ሁለት የእንጨት ታኮዎች ይዞ ወጣና፣ በታመመው ጉልበቱ ተንበርክኮ ከኋላ ጎማዎቹ ሥር አንድ በአንድ ሸጎጣቸው።

«ቤት ያለ መሠረት አይቆምም» አለ።

«መሄድ ብፈልግስ?»

አቧራውን ከእጁ ላይ አራገፈ። አሁንም ተቆጥቷል።

«ንቀይው። ታኮ ነው እንጂ ሲሚንቶ አይደለም።»