የፈንጣጣው ድራማና የእናቴ ነጠላ

እናቴ ፊቷን ለሰው ማሳየት አትወድም። ጭሮ ከተማን ከላይ እስከ ታች የምትዞረው ነጠላዋን ከአፍንጫዋ በላይ ጠቅልላ፣ ሁለት ዓይኖቿን ብቻ አስቀርታ ነው። የማያውቃት ሰው ጥርሷን ያመማት ወይም ብርድ የመታት ይመስለዋል። ነገሩ ፈንጣጣ ነው። አያቴ ሚኤሶ ባቡር ጣቢያ ይሠራ በነበረበት ዘመን፣ ገና ትንሽ ልጅ ሳለች ያዛትና ነፍሷን ምሮ ፊቷን በሳስቶት ሄደ። እኔ ያንን ፊት እወደዋለሁ። እሷ ግን የገዛ ቤቷ በር እንኳ ሲንኳኳ እጇ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ነጠላዋ ነው። ይሄ ነገር ዕድሜዬን ሙሉ ሲያናድደኝ ኖሯል። ቆንጆ ሰው ተደብቆ ሲኖር ማየት ያናድዳል።

እኔ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። የትምህርት ቤታችን የጤና ክበብም ጭንቅላቴ ላይ የተጫነ ነው። ሥራ ለሠሪው ይባላል እንጂ፣ እኛ ጋ ሥራ የሚሰጠው እምቢ ማለት ለማይችል ሰው ነው። አምና ለሰባተኛ ክፍሎች የክትባትን ታሪክ ሳስተምር አንዱ ከኋላ ወንበር፣ "ቲቸር፣ ፈንጣጣ እኮ ተረት ነው። አይተው ያውቃሉ?" አለኝ። እኔ ደግሞ ቶሎ ግንፍል የምል ሰው ነኝ።

"ተረት ከሆነ እናቴ ፊት ላይ ያለው ምንድን ነው?" ብዬ ጮህኩ።

ከፊት የምትቀመጠው የክበባችን ጸሐፊ ብድግ አለች። "እንግዲያው ይዘዋቸው ይምጡ! ስለ ፈንጣጣ ድራማ እየሠራን አይደል? የክብር እንግዳ ይሁኑልን!" አለች። ሌሎቹ አጨበጨቡ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ፤ መመለሻ አጣሁ።

ማታ ለእናቴ ስነግራት የያዘችውን የሻይ ብርጭቆ አስቀመጠች።

"እኔን እንደ ጅብ ጎትተሽ ለሰው ልታሳዪኝ ነው?"

"እማዬ፣ ልጆቹ እኮ ማወቅ ፈልገው ነው።"

"ልጅ ማወቅ ሲፈልግ ጣቱን ይቀስራል። እኔ ያንን ጣት አውቀዋለሁ።"

ያዳነኝ ጎረቤታችን ናት። ጫት ነጋዴ ናት፤ ከእናቴ ጋር ከልጅነት ጀምሮ አብረው ያረጁ ጓደኛሞች ናቸው። ወሬው እንዴት እንደደረሳት አላውቅም፣ በማግስቱ በሩን ሳታንኳኳ ገባች።

"አንቺ ሴትዮ፣ ልጅሽ አስተማሪ ሆና አንድ ቀን እንኳ ስታስተምር አይተሻት አታውቂም። ወላሂ እኔ ገበያዬን ትቼ አብሬሽ እሄዳለሁ። ኮቱ፣ ነይ ተነሺ!"

ብዙ ከተከራከሩ በኋላ እናቴ በራሷ ውል ተስማማች። የመጨረሻው ወንበር ላይ ትቀመጣለች፣ ነጠላዋን አታወርድም፣ ማን እንደሆነችም ለማንም አይነገርም። ድራማውን አይታ ትመለሳለች። ለእኔ ይሄም ትልቅ ነገር ነበር። ለተማሪዎቹ እንግዳችን አልተመቻቸውም ብዬ ዋሸሁ።

ድራማውን ያደረግነው ጠዋት፣ ግቢው ሜዳ ላይ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ከሆነማ ከተማው ጉንጩን በጫት ወጥሮ ተቀምጧል፣ ወላጅ አይመጣም። ታሪኩ የሚጀምረው ክትባት ከመምጣቱ በፊት ነው። ያኔ ሽማግሌዎች ከታመመ ሰው ቁስል ፈሳሹን ወስደው ከማር ጋር ይለውሱና የጤነኛውን ልጅ ክንድ በጣ አድርገው ይቀቡት ነበር። ልጁ ቀለል አድርጎ ይታመምና ሁለተኛ አይያዝም። አንዳንዱ ግን በዚያው ይሞታል። ቀጥሎ የመጀመሪያውን ክትባት ያገኘው የባሕር ማዶ ሐኪም ይመጣል። ላም የሚያልቡ ሰዎች የላም ፈንጣጣ ከያዛቸው የሰው ፈንጣጣ እንደማይደፍራቸው ያስተዋለው እሱ ነው። መጨረሻ ላይ መርፌያቸውን ይዘው በእግርና በበቅሎ ተራራ የሚወጡት የእኛዎቹ ከታቢዎች ይገባሉ። ላሟን ሁለት ልጆች በአንድ ብርድ ልብስ ሥር ሆነው ነው የተጫወቷት፤ የኋላዋና የፊቷ ላም አልተስማሙም ነበር።

በሽተኞቹን የሚሠሩት ከታችኛው ክፍል የመጡ ትንንሽ ልጆች ናቸው። ፊታቸው ላይ የፈንጣጣ ቁስል እንዲመስል ምስር ክክ እንለጥፋለን ተባብለን ነበር። በልምምዱ ቀን በዱቄት ሙጫ ስንለጥፈው እየደረቀ ረገፈ። የድራማው ጠዋት ግን ምስሩ ፊታቸው ላይ ጥብቅ ብሎ፣ በፀሐይ እያብረቀረቀ፣ ሲያዩት የሚያስፈራ ሆኖ አየሁት። ደስ አለኝ። ሜካፑን የያዘችውን ጸሐፊዋን ጠርቼ፣ "በምን አጣበቅሽው?" አልኳት።

"በማር፣ ቲቸር! አጎቴ ከበደሳ ከተማ ያመጣው ንጹሕ ማር ነው። ታሪኩ ውስጥ ማር አለ ብለው አልነበር?"

ለመቆጣት አፌን ስከፍት መጋረጃው ተከፈተ።

የእኛ ግቢ ዙሪያውን ባሕር ዛፍ ነው፤ ባሕር ዛፉ ደግሞ አብቦ ነበር። የመጀመሪያዎቹ ንቦች የመጡት ሽማግሌው ክንድ ሲበጣ ነው። ሐኪሙ ሲገባ ግን ንቡ ተጠራርቶ ደረሰ። በሞት አፋፍ ላይ የነበሩት በሽተኞች ሁሉ ብድግ ብለው ሮጡ! ላሟ ለሁለት ተከፍላ አንዷ ወደ ቤተ መጻሕፍት፣ አንዷ ወደ ሽንት ቤት ሄደች። ርዕሰ መምህሩ የክብር ጠረጴዛው ሥር ገቡ፤ ከሥር ሆነው "ተረጋጉ!" ይሉ ነበር። ጎረቤታችን በወንበሯ ላይ ቆማ በሻሿ ንብ እያባረረች፣ በሳቅ ትንፋሿ ሊቆረጥ ደርሷል።

ከበሽተኞቹ አንዷ፣ ከሁሉም የምታንሰው፣ መግቢያው ጠፍቷት እያለቀሰች ወደ ኋላ ሮጠች። ፊቷ ሙሉ ማር ነው፣ ንቡም ተከትሏታል። እኔ ከመድረኩ ጋ ነኝ፣ አልደርስባትም። የመጨረሻው ወንበር ጋ ስትደርስ እናቴ ተነሳች። ነጠላዋን ከራሷ ላይ በአንድ ጊዜ ገፍፋ ልጅቷን ከላይ እስከ ታች ጠቀለለቻትና እቅፏ ውስጥ አስገባቻት። ራሷ ባዶ፣ ፊቷ ባዶ፣ በፀሐዩ መሀል።

ንቡ ቀስ በቀስ ተበተነ። ሰው ከየተደበቀበት ወጣ። የሁሉም ዓይን እናቴ ላይ ሲያርፍ አየሁ። እሷም አየች። እጇ እንደ ልማዱ ወደ ራሷ ሄደ፤ ነጠላ የለም። እየሮጥኩ ልደርስላት ስል ልጅቷ ከጥቅሏ ውስጥ ብቅ አለች። የተረፉት ምስሮች አገጯ ላይ እንደተጣበቁ፣ የእናቴን ፊት ጉድጓዶች አንድ በአንድ ተመለከተቻቸው።

"እማማ፣ የእርስዎ ምስር ረገፈ እንዴ?"

እናቴ አየቻት። ከዚያ ሳቋ መጣ፤ ቤት ውስጥ ብቻ የምሰማው፣ ትከሻዋን የሚያርገፈግፈው ሳቅ።

"አዎ የኔ እናት፣ ረገፈ። ድሮ ረገፈ።"

ከዚያ በኋላ እኔ አላስተማርኩም። እሷ ነች ያስተማረችው። ልጆቹ መሬት ላይ ከበዋት ተቀመጡ። የእሷ እናት በዚያ በማሩ ዘዴ ልታስከትባት ከሽማግሌው ጋር ተነጋግራ እንደነበር፣ በሽታው ግን እንደቀደማት ነገረቻቸው። ከዓመታት በኋላ ከታቢዎች መጥተው የታናሽ ወንድሟን ክንድ ጫፉ ሹካ በሚመስል መርፌ ነካ ነካ እንዳደረጉት፣ ፊቱ እስከ ዛሬ እንቁላል እንደሚመስል፣ በዚህም እስከ ዛሬ እንደምትቀናበት ተናገረች። "ተረት ነው" ያለኝ ልጅ እጁን አወጣ።

"እማማ፣ መንካት ይቻላል?"

"ንካው። ከዓለም ጠፍቷል ትላለች ልጄ፤ የት አባቱ ይመጣል?"

ተሰለፉ። ርዕሰ መምህሩም ተሰለፉ። እኔ ባሕር ዛፉ ጋ ቆሜ እንደ ሕፃን አለቀስኩ፣ ደስ ስላለኝ ነው።

በመጨረሻ ጸሐፊዋ የርዕሰ መምህሩን ስልክ ተቀብላ ሁሉንም አሰባስባ ፎቶ አነሳች። ትንሿ ልጅ እናቴ ጭን ላይ ናት፣ ማር የጠጣውን ነጠላ ለብሳ አልሰጥም ብላለች። ጸሐፊዋ ሮጣ መጥታ ስልኩን አሳየቻት። እናቴ ስልኩን ከፊቷ አርቃ፣ ቅንድቧን ሰብስባ ለረጅም ጊዜ አየችው።

"ይሄ አይሆንም" አለች። "ዓይኔን ጨፍኛለሁ። ድገሚኝ፣ ቀረብ ብለሽ።"