የሚደብቀው የሌለው ሰው

ስልኬን የከፈትኩላቸው ማንም ሳይመታኝ ነው። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ ታስሬ ነበር ስል ሰው ሁሉ ፊቱን አጨማዶ «ገረፉህ?» ስለሚለኝ ነው። አልገረፉኝም። አዳማ ውስጥ ከምሠራበት የሕንፃ ዲዛይን ቢሮ መጥተው ወሰዱኝ፣ ወንበር ሰጡኝ፣ መርማሪው ስልኬን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ «እስቲ ፓስወርዱን ንገረን» አለኝ። ነገርኩት። ሲነካካ ተሳስቶ እምቢ ሲለው «አይ፣ መጨረሻው ሰባት ነው» ብዬ አረምኩት።

ከዚያ በፊት ለዓመታት ኦንላይን አንድ ግሩፕ ውስጥ ከማላውቃቸው ሰዎች ጋር ስከራከር ኖሬአለሁ። ግሩፑ የተከፈተው ስለ ጠፈር ለማውራት ነበር፤ ሰው ማርስ ላይ ይኖራል አይኖርም፣ ድሃ አገር ሳተላይት ምን ያደርግላታል፣ እንዲህ እንዲህ ያለውን። እንደ ማንኛውም የእኛ ግሩፕ ግን ብዙም ሳይቆይ ፖለቲካ ገባበት። እኔ በሁለት ነገር ድርቅ እል ነበር። አንዱ ማርስ ነው። ሌላው የሰው ስልክ የሰው ጓዳ ነው፣ መንግሥትም ይሁን ካምፓኒ ዘው ብሎ ሊገባበት አይገባም የሚለው ነው። ስለ እሱ የጻፍኩት ቢሰበሰብ መጽሐፍ ይወጣዋል።

በሁለቱም የሚቃወመኝ አንድ ሰው ነበር። ስለ ማርስ ሲነሣ እግዚአብሔር ለሰው የሰጠው ምድርን ነው ይላል። ስለ ስልክ ሲነሣ ደግሞ «የሚደብቀው የሌለው ሰው ምን ያስፈራዋል?» ይላል፤ ሁልጊዜ ይህችኑ። የራሱን ቁጥር እንኳ አልደበቀም። ሌሎቻችን በቅጽል ስም ተሸፍነን ስንሰዳደብ የእሱ ስልክ ቁጥር ለሁሉም ይታያል። «ማርስ ላይም የጸሎት ኮንፈረንስ ጥራና ጸልይላቸው» ብዬው ግሩፑ ሁሉ ሲስቅ መዋሉ ትዝ ይለኛል። ደንቆሮም ብዬዋለሁ፣ ያውም ደጋግሜ።

ያሳሰረኝ የቆቃ ሐይቅ ነው። ሳተላይት ለድሃ አገርም እንደሚጠቅም ለማሳየት፣ ሐይቁ ምን ያህል እንደሸሸ የሚታይበት የሳተላይት ምስል ለጠፍኩ። ግድቡም ምስሉ ላይ አለ። ከሥሩ የተለመደው የፖለቲካ ንትርክ ተነሣ፣ ከዚያ፣ ማን እንደጠቆማቸው አላውቅም፣ ግድቡን ለምን እንደለጠፍኩ የሚጠይቁ ሰዎች ቢሮዬ መጡ።

የታሰርኩበት ክፍል እስከ ወገብ አረንጓዴ የተቀባ፣ ከዚያ በላይ ቀለሙ የተላጠ ነው። ከጣራው ሥር በሽቦ የተሸፈነች መስኮት አለች። ሙቀቱ ከሲሚንቶው ወለል ሳይቀር ይወጣል፤ የላብና የካልሲ ሽታ ጉሮሮ ላይ ይቀራል። ከውጭ የባጃጅ ጡሩምባ ይሰማል። ሰው እንደ ወትሮው ወደ ሥራው ይሄዳል ማለት ነው፣ እኔ ደግሞ በር ተዘግቶብኝ ተቀምጫለሁ።

በማግስቱ አንድ ሰው አስገቡ። ሃምሳዎቹን ያጋመሰ፣ ሸሚዙን እስከ አንገቱ የቆለፈ ሰው ነው። ጫማውን በሩ ላይ አውልቆ «ጌታ ይባርክህ» አለና አጠገቤ ተቀመጠ። በምን እንደመጣ ጠየቅሁት።

«በማርስ» አለኝ። ሊቀልድ ፈልጎ አልነበረም። «ኦንላይን የምንከራከርበት ቦታ አለ። አንድ ሰው የቆቃን ምስል ለጥፎ እኔም ከሥሩ መልስ ሰጥቼ ነበር። ቁጥሬን አይተው ደወሉልኝ፤ በእግሬ መጣሁ።»

ከዚያ ሁሉ ተከራካሪ መሀል እሱን ብቻ ያገኙት ቁጥሩን ስላልደበቀ ነው። ከምስሉ ሥር የተከራከሩትን ያዩት ደግሞ እኔ ስልኬን ስለከፈትኩላቸው ነው።

«ሰውየው እኔ ነኝ» አልኩት።

ትኩር ብሎ አየኝ። «የማርሱ?» አለ። ከዚያ ሳቀና እጄን ጨበጠኝ። «እኔ እኮ ጎልማሳ ነበር የመሰልከኝ። እንዲያ ስትቆጣ።»

ጋሼ ብዬ ጠራኋቸው። ሌላ ምን ብዬ እጠራቸዋለሁ? ስልካቸውን ከፍተው ሰጥተው እንደሆነ ስጠይቃቸው ራሳቸውን ነቀነቁ።

«አልከፈትኩም።»

«እርስዎ?»

«የእኔ ብቻ ቢሆንማ ይሄኔ ሰጥቻቸው ነበር» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ቤተ ክርስቲያን የጸሎት ክፍሉን የማስተባብረው እኔ ነኝ። ምእመኑ የጸሎት ርዕሱን በስልክ ነው የሚልክልኝ። ተመርምሮ ውጤቱን ለሚስቱ ያልነገረ አለ። ባሏ የማያውቀው ነገር ያለባት አለች። እኔ አድራሽ ነኝ እንጂ የእኔ አይደለም። እንዴት አድርጌ ነው የምከፍተው?»

ይህን ሁሉ ከነገሩኝ በኋላ ነው፣ ከሰዓት ላይ፣ ሁለታችንንም መርማሪው ዘንድ የወሰዱን። መርማሪው በዕድሜ እኩያዬ ይሆናል። «ጋሼ፣ ይሄ ልጅ በፈቃዱ ነው የከፈተልን፤ ማንም አላስገደደውም» አላቸው። አንገቴን ደፋሁ። ወደ እኔ ዞሮ «ምከራቸው እስቲ። እሳቸው ከከፈቱ ሁለታችሁም ዛሬ ቤታችሁ ትገባላችሁ» አለና በሩ ጋ ሄዶ ቆመ።

ቤቴን አሰብኩ። አልጋዬን፣ የሻወሩን ውኃ። ከዚያ አፌን ከፈትኩና «ጋሼ፣ የሚደብቁት ከሌለ ምን ያስፈራዎታል?» አልኳቸው።

እኔ የተናገርኩት አልመሰለኝም። እሳቸው አልሳቁም፣ አልተቆጡምም።

«ይሄማ የእኔ ነበር» አሉ ቀስ ብለው። ከዚያም ለመርማሪው «አልከፍትም፣ ልጄ» አሉት።

ወደ ክፍላችን ስንመለስ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ቁጭ አሉ። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል እንጂ ድምፅ የለውም። ያደግሁት በጴንጤ ቤት ውስጥ ስለሆነ የእነሱን ጸሎት አውቀዋለሁ፤ ሰፈር ይሰማዋል። ሌላ የምለው ስላጣሁ «ጮክ ብለው ቢጸልዩ እኮ ማንም አይከለክልዎትም» አልኳቸው።

«ስም እየጠራሁ ነው» አሉኝ።

ሲጨርሱ ወደ እኔ ዞሩና፣ መርማሪው ዘንድ ምንም እንዳላደረግኋቸው ሁሉ፣ «አንተስ? የጸሎት ርዕስ አለህ?» ብለው ጠየቁኝ። እንድፈታ ይጸልዩልኝ ልል ነበር። ግን ሌላ ነገር ነገርኳቸው። ለማንም ነግሬው የማላውቀውን፣ ወደ ጆሮአቸው ጠጋ ብዬ። ምን እንደሆነ እዚህም አልጽፈውም። «ተቀብያለሁ» አሉና እንደገና ወደ ግድግዳው ዞሩ።

በነጋታው ጠዋት ጠባቂው በሩን ከፍቶ «አካም ቡልተን» ብሎ በኦሮምኛ እንዴት አደራችሁ ካለን በኋላ እኔን ብቻ ጠራኝ። መርማሪው ሻይ ይጠጣል። ለእኔም አስመጣልኝ።

«አንድ ክፍል ነው ያላችሁ። ስልኩ ውስጥ ምን እንዳለ ሳይነግሩህ አይቀሩም» አለኝ።

«ነግረውኛል።»

«እሺ፣ ምን አሉህ?»

«አልናገርም።»

ሻዩን አልነካሁትም። ትንሽ አየኝና «እንደ ፈለግህ» ብሎ መለሰኝ። በዚያም ቀን፣ በዚያም ሳምንት ቤቴ አልገባሁም። ክፍሉ ውስጥ ጋሼ ቦታ ለቀቁልኝ እንጂ ምን እንደተባልኩ አልጠየቁኝም።

ሁለታችንም ከወጣን ቆየን። እሳቸው የወጡት ስልካቸውን ሳይከፍቱ ነው። አንዳንዴ መንገድ ላይ ስንገናኝ ስለ ጤናዬ፣ ስለ ሥራዬ ይጠይቁኛል፤ በጆሮአቸው ስለነገርኳቸው ነገር አንዴም አንስተውብኝ አያውቁም። ወዳጆቼ ግን ያቺን «አልናገርም» ሰምተው ትከሻዬን ይመቱኛል፣ ወንድ ነህ ይሉኛል። ሲሉኝ ቀና ብዬ አላያቸውም። እምቢ ያልኩት ለእነዚያ ለማላውቃቸው ሰዎች ብዬ ይሁን፣ ወይስ የእኔም ነገር ከእነሱ ጋር ስለተቀላቀለ፣ እስከ ዛሬ ለራሴ መመለስ አልቻልኩም። ከአንድ ቀን በፊት፣ ምስጢሩ የእነሱ ብቻ በነበረ ጊዜ፣ ጋሼን ይክፈቱ ብያቸው ነበር።