ከቀብር የለቀምኩት ቀለህ

«ለገዛ ወንድምሽ አንዲት ጥይት ነፈግሽው» አለችኝ አክስቴ ፊት ለፊቴ ቆማ።

የወንድሜ ሙት ዓመት ነበር። ፍትሐቱ አልቆ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰናል፤ ሰዉ ድንኳኑ ውስጥ ተቀምጧል። አባቴ ከአክስቴ አጠገብ ነበር፣ ከዘራውን በጉልበቶቹ መሃል ይዞ። ሰምቷታል። የደከመው ዓይኑ እንጂ ጆሮውማ ደህና ነው።

ምን እንደነፈግሁ ልናገር።

ቤታችን ከአንኮበር ወደ አሊዩ አምባ በሚወርደው መንገድ ላይ ነው። ማሽላው ሲያሸት ዝንጀሮና ከርከሮ አያስቀምጥም። ለዚህ ብሎ አባቴ ያኖረው አንድ አሮጌ ምንሽር አለ፣ በቀበሌ የተመዘገበ። የዚያ ጠመንጃ ጥይት ግን ከገበያ ከጠፋ ቆይቷል። ስለዚህ አባቴ የተተኮሰውን አይጥልም። ቀለሁን፣ ባዶውን የናስ ቀፎ ማለቴ ነው፣ ለቅሞ ያጸዳና ባሩድና አረር መልሶ ያጎርሰዋል። ከአባቱ የተማረው ነው።

ቀለህ ሁሉ ግን አንድ አይደለም። አባቴ በወጣትነቱ ቆላ ወርዶ የውጭ አገር አዳኞችን ሲመራ ትተውለት የሄዱት አለ። ለገበያ የተሠራ ነው፤ እኛ የአደን ቀለህ እንለዋለን። ሌላው ከጦር ሠራዊት የወጣው፣ የወታደር ቀለህ ነው። ከውጭ ሲያዩአቸው መንታ ናቸው። የወታደሩ ግን ገላው ወፍራም፣ ሆዱ ጠባብ ነው። ለአደኑ የሚስማማው ባሩድ እዚያ ሲገባ ይታፈንና ጠመንጃውን ተኳሹ ፊት ላይ ሊበትነው ይችላል። የአባቴ መስፈሪያ ማንኪያ ደግሞ በአደኑ ቀለህ ልክ የተቆረጠች ናት። ሌላ ማንኪያ የለውም። ስለዚህ የወታደር ቀለህ በቤታችን አይሞላም ነበር። አለቀ።

መለየቱ የእኔና የወንድሜ ሥራ ነበር። ቂጡን እናያለን፤ የወታደሩ ቁጥር ተመትቶበታል፣ የአደኑ የፋብሪካ ስም አለው። ከዚያ በመዳፋችን እንመዝነዋለን።

«የወታደሩ እኮ እንደ አክስታችን ነው» ይል ነበር ወንድሜ፣ «ከውጭ ሰፊ፣ ከውስጥ ጠባብ።»

«ዝም በል፣ ባለጌ!» ይለዋል አባቴ። ከዚያ ራሱ ፊቱን አዙሮ ይስቃል።

ወንድሜ የጭነት መኪና ረዳት ነበር። ጣርማ በር ቁልቁለት ላይ የመኪናው ፍሬን እምቢ አለ። ስለዚህ ነገር ከዚህ በላይ አልጽፍም።

በእኛ አገር ወንድ ሲቀበር ይተኮሳል። አባት በሕይወት ካለ ደግሞ መጀመሪያ የሚተኩሰው እሱ ነው። የአባቴ ምንሽር ግን ባዶ ነበር። የአደን ቀለሆቹ ስንት ጊዜ ተሞልተው ስንት ጊዜ ተተኩሰው፣ አንገታቸው እየተሰነጠቀ አልቀው ነበር። ጎረቤቶች ከድሮ ባቆዩት የወታደር ጥይት የራሳቸውን ምንሽር ተኮሱ። ከአሊዩ አምባ የመጣ የአባቴ ነጋዴ ወዳጅ ጠመንጃውን ዘረጋለት።

«ወላሂ፣ እንካ ተኩስ። ልጅህ ልጄም አይደል እንዴ?»

አባቴ በራሴ ጠመንጃ ካልሆነ ብሎ ራሱን ነቀነቀ። ባዶ ጠመንጃውን ትከሻው ላይ እንዳንጠለጠለ አፈሩ ተመለሰ። እኔ ጎንበስ ብዬ በመቃብሩ ዙሪያ የወደቀውን ቀለህ በነጠላዬ ለቀምኩ። ለምን እንደሆነ እንጃ፤ እጄ ለምዶ ነው። ሁሉም የወታደር ነበር። ቤት ስንገባ አባቴ ተቀበለኝና በጨርቅ ቋጥሮ ራስጌው አኖረው። እኔም ወደ ደብረ ብርሃን፣ ወደ ፋብሪካው ፈረቃዬ ተመለስኩ።

ለሙት ዓመቱ ስመጣ ደጅ ፀሐይ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። ቋጠሮው ተፈትቷል። ባሩዱ ወጥቷል።

«መጣሽ? ማንኪያዋን አቀብይኝ እስቲ» አለኝ።

«እነዚህ እኮ የወታደር ናቸው።»

«የልጄ ናቸው።»

«አባዬ፣ ያስተማርከን እኮ አንተ ነህ!»

«ባሩዱን አሳንሳለሁ።»

«በየትኛው ዓይንህ?»

ከአፌ ወጣ። ዓይኑን ሞራ ከያዘው ወዲህ ይህን ማንም ደፍሮ ብሎት አያውቅም። ጨርቁን ዳበሰ።

«ለእኔ መተኮስ የነበረበት እሱ ነበር» አለ። «ተራው ተበላሸብን። አንዲት ብቻ ልተኩስለትና ጠመንጃውን እሰቅለዋለሁ። አንዲት ብቻ፣ ልጄ።»

ማንኪያዋን አላቀበልኩትም። ለካ ራሱ ዳብሶ አግኝቷታል።

በማግስቱ ለድንኳኑ የተዋስነውን ወንበር ስሸከም ከቤቱ ጀርባ ተኩስ ሰማሁ። ወንበሩን ጥዬ ሮጥኩ። አባቴ ቆሟል፤ ጉንጩ ባሩድ ለብሶ ጠቁሯል። የጠመንጃው መቀርቀሪያ አልከፈት ብሎት በፍልጥ ይደበድበዋል። በስንት ድብደባ ቀለሁ ወደቀ። ጎኑ እንደ ባቄላ ተፈልቅቋል።

«ዓይንህን ነካህ? አሳየኝ!»

«ምንም አልሆንኩም። ይቺ መሞከሪያ ናት፤ ለነገዋ ትንሽ መቀነስ ነው» አለኝ።

ለነገዋ! ቤት ገባሁና ቋጠሮውን ከራስጌው፣ መጥረቢያውን ከበሩ ጥግ አነሳሁ። ደጃፋችን ላይ ያለው ድንጋይ ላይ ዘረገፍኩት፤ የቀሩት ገና አልተሞሉም ነበር። በመጥረቢያው ጀርባ አንድ በአንድ መደፍጠጥ ጀመርኩ። ድምፁን ሲሰማ ምን እንደማደርግ ገባው። ግድግዳውን ተደግፎ እየዳበሰ መጣ።

«ተዪ! ተዪ ልጄ! ልጄን አትምቺብኝ!»

እያለቀስኩ ነበር፤ ግን አላቆምኩም። የመጨረሻው እንደ ቅጠል እስኪሳሳ ድረስ አላቆምኩም።

አባቴ መሬት ላይ ተቀመጠ። የተደፈጠጠውን ሁሉ ከአፈሩ ውስጥ እየዳበሰ ለቀመና በጨርቁ መልሶ ቋጠረ። አንድ ቀረች፤ እግሬ ስር ነበረች። ላቀብለው ስል እጄን ገፋው።

ሙት ዓመቱ ሳይተኮስ ዋለ። ነጋዴው ወዳጁ ጠመንጃ ይዞ መጥቶ ነበር፤ አባቴ እሱንም እምቢ አለው። ሰዉ ምነው ሲለው «ልጅቷን ጠይቋት» ብቻ ነው ያለው። አክስቴ የጠየቀችኝ እንግዲህ እንደዚያ ነው።

«ቢፈነዳበትስ? አንቺ ፊትሽን ልትደቅኚለት ነበር?» አልኳት።

«ኧረ አፏ! ኧረ ይቺን ልጅ ስሟት! እናቷ ሞታ ተገላገለች እንጂ!»

ድንኳኑ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ዞረ። እኔ አባቴን አየሁ። አንድ ቃል ይበቃኝ ነበር። ቀለሁ ተሰንጥቆ ነበር ቢል፣ ወይም መቀርቀሪያው ተጣብቆብኝ ነበር ቢል። ከዘራውን ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ።

ምግብ ቀረበ። የቤቱ ልጅ እኔ ነኝና ማስታጠቢያውን አነሳሁ። ለካህናቱ አፈሰስኩ፣ ለአክስቴም አፈሰስኩ። አባቴ ጋ ስደርስ ከዘራውን አስደግፎ ሁለቱንም እጆቹን ዘረጋ። ቀስ አድርጌ አፈሰስኩለት። ጣቶቹን አንድ በአንድ አሻሸ።

«አባዬ» አልኩት።

ፎጣውን ከትከሻዬ ላይ ወሰደ፣ እጁን አደረቀ፣ ፎጣውን መለሰልኝ። ከዚያ ፊቱን ወደ ካህናቱ አዞረ።

ማስታጠቢያውን መሬት አስቀመጥኩ። ቦርሳዬን ከጓዳ አንስቼ ወደ መኪናው መንገድ ወጣሁ።